ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በበረዶ ሲነዳ፦ የአይ-70 ተራራ መንገድ ዝርዝር መመሪያ

በየዊንተሩ የሚታይ ነገር ነው። ገና ወይም ጥምቀት ሲደርስ ከዴንቨርና ከኦሮራ ላስቬጋስ ያለ ዘመዱ ጋ ለመሄድ የተነሳ ሰው፣ መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጥበት አይዘንሃወር ዋሻ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ጎማው እየተሽከረከረ ይቀራል። ወይም ቬይል ፓስ በሚባለው የተራራ ማለፊያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረግጥ መኪናው አልሰማ ብሎት ይሄዳል። ብዙው "መኪናዬ ኦል ዊል ነው" ብሎ የወጣ ነው።

ኦል ዊል፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ ማዞሩ፣ ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም ግን ምንም አይጨምርላችሁም። መንገዱን ይዞ የሚያቆማችሁ ጎማው ነው። ስለዚህ ከጎማ እንጀምር።

1. ጎማ፦ ቢያንስ ከሳምንት በፊት

ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ-70 ክፍል፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ የኮሎራዶ ሕግ ግዴታ ያስቀምጣል። በዕለቱ በረዶ ኖረም አልኖረም፣ መኪናችሁ ከሚከተሉት አንዱን ማሟላት አለበት።

- ኦል ዊል ወይም ፎር ዊል ሆኖ፣ በቂ ጥርስ ያለው ጎማ።
- የዊንተር ጎማ፣ ወይም ጎኑ ላይ የኤምና የኤስ ፊደላት ያሉበት ጎማ፣ እሱም በቂ ጥርስ ያለው።
- ሁለቱም ከሌለ ሰንሰለት ወይም ጎማ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ሽፋን መኪና ውስጥ መያዝ።

"በቂ ጥርስ" ማለት 3/16 ኢንች ነው፤ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሳታሟሉ ብትገኙ ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ ነው። በዚህ ምክንያት መንገድ ከዘጋችሁ ደግሞ ከ650 ዶላር ያልፋል።

ጥርሱን በፔኒ አትለኩ። ሳንቲሙን ገልብጦ አስገብቶ የሊንከን ራስ ጫፍ መሸፈኑን ማየት የሚነግራችሁ 1/16 ኢንች መኖሩን ብቻ ነው። ያ ጎማ ሊጣል ሲል ያለው ልክ ነው፤ ለዚህ መንገድ የሚፈለገው የሱ ሦስት እጥፍ ነው። ከመኪና ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር የጥርስ መለኪያ ግዙ። አራቱንም ጎማዎች ለኩ፤ እያንዳንዱንም በውስጥ፣ በመሃልና በውጭ በኩል። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል ጎማ በውስጥ በኩል ሊሾ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ አላይመንቱንም አሳዩት፤ አለበለዚያ አዲሱንም ጎማ ይበላዋል።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጠይቁ። ኤምና ኤስ ብቻ ካለበት ጎማ እሱ ይሻላል። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ለመቆጠብ ብሎ ሁለት የዊንተር ጎማ ከፊት ብቻ የሚያስገጥም ሰው፣ ኩርባ ላይ ፊቱ ይዞ ጀርባው ሲከዳው ያየዋል።

ንፋሱንም አትርሱ። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው ወደ 1 ፒኤስአይ ያጣል። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ለኩና በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ሙሉ። "ለበረዶ ንፋስ ይቀነሳል" የሚላችሁን አትስሙ። እሱ ለአሸዋ ነው።

2. ሰንሰለት፦ ቤት ውስጥ ተለማመዱ

ኦል ዊል ያላችሁም ያዙ። ሁኔታው ሲከፋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለትንንሽ መኪናዎችም የሰንሰለት ትእዛዝ ያወጣል። ያ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ደረጃ ነው።

መጀመሪያ የመኪናችሁን ማንዋል ክፈቱ። አንዳንድ መኪና በጎማውና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ሰንሰለት አይፈቅድም። ለእንደዚህ ያለው የጨርቁን ሽፋን ግዙ። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ሰንሰለት ማሰር የሚከለክል አከራይ አለ። ከዚያ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን ገልብጣችሁ በሱ ልክ ግዙ። በግምት የተገዛ ሰንሰለት አይገጥምም፤ አለመግጠሙ የሚታወቀው ደግሞ ሌሊት ተራራ ላይ ነው።

ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ጓንት አድርጋችሁ እንዲህ ሞክሩት።

1. ሰንሰለቱን ዘርጉና የተጠላለፈውን ፍቱ።
2. በጎማው ላይ አልብሱት። የመንጠቆዎቹ ሹል ጫፍ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጎማው አይዙር።
3. በመጀመሪያ የውስጠኛውን ማያያዣ ቆልፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ውጭውን ካጠበቁ በኋላ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም።
4. የውጩን ቆልፉና አጥብቁ።
5. ጥቂት ሜትር ነድታችሁ ቁሙ፤ የላላውን እንደገና አጥብቁ።

የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና ላይ የሚታሰረው ከፊት ነው። ከኋላ የሚገፋው ላይ ከኋላ። ኦል ዊል ላይ ማንዋሉ ያለውን ተከተሉ።

3. መኪና ውስጥ የሚገባው

ባትሪው ከሰነበተ አስመርምሩት፤ ብርድ ደካማ ባትሪን አይምርም። የመስታወት ማጠቢያውን ፈሳሽ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት በሚችለው ቀይሩ። የበጋው ፈሳሽ መስታወቱ ላይ እንደተረጨ ይረጋል፣ ማየትም ያበቃል።

እነዚህን ያዙ፦ የበረዶ መፋቂያና መጥረጊያ፣ አጭር አካፋ፣ ባትሪ ማስነሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስልክ መሙያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ብርድ ልብስና ጓንት፣ ውሃ፣ ሳይሞቅ የሚበላ ነገር፣ አንድ ከረጢት አሸዋ ወይም የድመት አሸዋ። ዳቦ ቆሎና በሶ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ ሆድም ይይዛሉ። አካፋውንና ሰንሰለቱን ከሻንጣ በላይ አድርጉ። በበረዶ መሃል ሻንጣ ሲራገፍ ማየት ያሳዝናል።

4. ልሂድ ወይስ ልቅር

ውሳኔው የሚሰጠው የዴንቨርን ሰማይ አይቶ አይደለም። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። አይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። በ60 ማይል ገደማ መንገድ ውስጥ 6,000 ጫማ ያህል ትወጣላችሁ፤ ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ማዕበል ሊሆን ይችላል።

- ሲኦ ትሪፕ የሚባለውን የኮሎራዶ የመንገድ መተግበሪያ ክፈቱ፣ ወይም 511 ደውሉ። የመንገድ ካሜራዎቹን እዩ። የዋሻውን ሁለት በኩልና ቬይል ፓስን ለየብቻ ተመልከቱ።
- የአየር ትንበያውን ለከተማው ሳይሆን ለተራራው ፈልጉ።
- "ዊንተር ስቶርም ዋርኒንግ" (የበረዶ ማዕበል ማስጠንቀቂያ) ከወጣ ጉዞውን በአንድ ቀን አስተላልፉ። ሠርግም ቢሆን። ሙሽሮቹ ይቅር ይሏችኋል።
- ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ዴንቨር አትውጡ። የበረዶ ሸርተቴ ሂያጁ መንገዱን ይሞላዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ መቆም የማትፈልጉት ነገር ነው።
- በቀን ንዱ። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ።

5. ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን ግለጡት

መስታወቱ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ መንዳት የለም። ሁሉንም መስታወት፣ ጣሪያውን፣ መብራቶቹን፣ ታርጋውን፣ ካሜራውንና ሴንሰሮቹን ጥረጉ። ጣሪያ ላይ የተተወ በረዶ የመጀመሪያውን ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ የፊት መስታወታችሁን ይሸፍነዋል። ፍጥነት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ላይ ያርፋል።

የፈላ ውሃ መስታወት ላይ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የጫማችሁን ሶል አራግፉ፤ በረዶ የያዘ ጫማ ከፔዳል ላይ ያንሸራትታል። ወፍራሙን ካፖርት አውልቁ፣ በተለይ የልጆችን፤ የመቀመጫ ቀበቶ በካፖርት ላይ ላላ ብሎ ይቀራል።

መብራቱን በእጃችሁ አብሩት። "አውቶ" ላይ ከተተወ ቀን ላይ ከፊት ብቻ በርቶ የኋላው ሊጠፋ ይችላል። በሚጥል በረዶ ውስጥ ረጅሙን መብራት አትጠቀሙ፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን መልሰው ዓይናችሁ ላይ ይረጩታል። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉና ተራራው እስኪያልቅ አትንኩት።

6. ሽቅብ፦ እስከ ዋሻው

መጀመሪያ የሚፈትናችሁ ዳገት ሳይሆን የፍሎይድ ሂል ቁልቁለት ነው፤ ሥሩ ላይ ኩርባ አለ። ከመውረዳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ከዚያ በኋላ አይዳሆ ስፕሪንግስንና ጆርጅታውንን ታልፋላችሁ።

ጆርጅታውን ላይ ውጡና ቁሙ። ነዳጅ፣ ሽንት ቤት፣ እንደገና ካሜራ ማየት። ከዚህ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው፤ ሐሳብ ለመቀየር ጥሩው ቦታ እዚህ ነው።

ዳገቱ ላይ፦

- ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ 8 ሴኮንድ ራቁ። እሱ አንድ ምልክት ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" እያላችሁ ቁጠሩ። በርቀታችሁ መሃል ሌላ መኪና ይገባል። ይግባ፤ እንደገና ወደ ኋላ ቅሩ።
- ነዳጁን እኩል አድርጋችሁ ያዙ። መሃል ዳገት ላይ ኃይል ለመጨመር አትሞክሩ፤ ጎማው ይሽከረከራል። ጉልበቱን ከታች ይዛችሁ ግቡ።
- ያለ ግዴታ አትቁሙ። ከፊት የቆመ ካያችሁ ከሩቁ ቀንሱና እየተንፏቀቃችሁ ጠብቁት።
- መንገድ የሚጠርገውን መኪና አትቅደሙ። ከሱ ኋላ ያለው መንገድ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ከሱ ፊት ያለው ግን ያልተጠረገ ነው።

ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ የማያገኘው ኩርባም እንዲሁ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ እርጥብ መስሎ፣ ግን ከሌሎች መኪናዎች ጎማ ውሃ የማይረጭ ከሆነ ብላክ አይስ ነው። ደግሞ አደገኛው ሰዓት በጣም የበረደበት አይደለም። ውሃ ለመቀዝቀዝ በሚያንገራግርበት በ32 ፋራናይት አካባቢ በረዶው ላይ ስስ ውሃ አለ፤ ከሁሉ የሚያንሸራትተው እሱ ነው።

7. ቁልቁል፦ ሰው የሚጎዳበት ክፍል

ዋሻው ወደ 1.7 ማይል ይረዝማል። ውስጡ ደረቅና ብርሃን ስለሆነ እግር ይፈታል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያ በምዕራቡ በር ስትወጡ ሌላ አየር ይቀበላችኋል፤ ተራራው የአህጉሩን ውሃ ለሁለት የሚከፍል ስለሆነ በአንድ በኩል ጸጥ ብሎ በሌላው ሊወርድ ይችላል። ከበሩ ጀምሮም እስከ ሲልቨርቶርን ድረስ ቁልቁለት ነው። ፍሬን እምቢ ላለው ከባድ መኪና ማምለጫ መንገድ የተሠራለት በከንቱ አይደለም።

ዋሻው ውስጥ እያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ፍጥነቱን ከመውጫው በፊት አውርዱ፤ ዋይፐር ለማስነሳት ተዘጋጁ፤ ማርሽ ቀንሱ።

አገር ቤት አባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ቁልቁለት በማርሽ ይያዛል እንጂ በፍሬን አይወረድም። አውቶማቲክ መኪና ላይ ስንመጣ ግን እንረሳዋለን። አውቶማቲክም ማርሽ አለው። ማርሹ ላይ "ኤል"፣ "ቢ"፣ ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ፈልጉ። አንድ አንድ ደረጃ ቀንሱ፤ በአንዴ ብዙ መቀነስ ራሱ ጎማውን ያንሸራትተዋል።

ከዚያ፦

1. ፍሬን የምትይዙት ቀጥ ባለው ላይ ነው። ኩርባው ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ።
2. ኩርባው ውስጥ ፍሬንም ነዳጅም አትንኩ። መሪውን በቀስታ አዙሩ።
3. ከኩርባው ስትወጡ በስሱ ነዳጅ ስጡ።
4. ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትሥሩ። ወይ ፍሬን፣ ወይ መሪ። የጎማው አቅም ትንሽ ስለሆነ ለሁለቱ አይበቃም።

ፍጥነት ስንት ይሁን? ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ለደረቅ መንገድ ነው። መለኪያው ይህ ነው፤ ከኋላ ማንም በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ንኩ። ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ዘዴ) ወዲያው ከተንቀጠቀጠ አሁን ያላችሁበት ፍጥነት በዝቷል።

ቬይል ፓስ 10,662 ጫማ ነው። የምዕራብ ቁልቁለቱ ረጅምና ኩርባ የበዛበት ነው፤ ከዋሻው በኋላ "አለፈ" ብሎ የዘናውን ሰው የሚይዘው እሱ ነው። ኮፐር ማውንቴን አካባቢ አንዴ እረፉና ተነሱ። ከኋላ መብራት የሚያበራባችሁ ካለ በቀኝ ያዙና አሳልፉት። መድረሻው ላይ ቀድሟችሁ ቡና አያፈላም።

8. መንገድ ላይ ሰንሰለት ማሰር

የሰንሰለት ማሰሪያ ተብሎ በምልክት የተለየ ሰፊ ቦታ አለ፤ እሱን ወይም የመውጫ መንገድን ተጠቀሙ። ዳገት መሃል ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ሳይሆን የሰንሰለት ትእዛዙ ምልክት እንደበራ እሰሩ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አደጋ ማሳያውን አብሩ፣ ልጆች ከመኪና አይውረዱ፣ ጀርባችሁን ለመንገዱ አትስጡ።

ከታሰረ በኋላ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አትንዱ። የሚደበድብ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ቁሙ፤ ላልቷል ወይም ተበጥሷል፣ የፍሬን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል። አስፋልቱ ሲገለጥ ፍቱት።

9. ሲያንሸራትት

*መሪውን አዙራችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ።* የፊት ጎማ ከድቷል። ሁሉም ሰው እዚህ መሪውን አብዝቶ ያዞራል፤ ያ ያባብሰዋል። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ መሪውን ትንሽ መልሱ፣ ጎማው እስኪይዝ ጠብቁ። ከያዘ በኋላ አዙሩ።

*ጀርባው ሲወጣ።* ፍሬን አትርገጡ። እግር ከነዳጅ ይነሳ። መሄድ የምትፈልጉትን ቦታ እዩና መሪውን ወደዚያ አዙሩ። ጀርባው መመለስ ሲጀምር መሪውን ቶሎ አቅኑ፤ ከዘገያችሁ በሌላው በኩል ይወጣል። ገደሉን አትዩ፣ እጅ ዓይንን ይከተላል።

*ፍሬን ይዛችሁ አልቆም ሲል።* ኤቢኤስ ካለው አጥብቃችሁ ርገጡና አትልቀቁ። ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፤ ሥራውን እየሠራ ነው። እየረገጡ መልቀቅ የድሮ መኪና ዘዴ ነው። ቦታ ካለቀባችሁ ከፊት ካለው መኪና ይልቅ የበረዶ ክምሩን ምረጡ።

10. ስትያዙ ወይም መንገዱ ሲዘጋ

ጎማው ከተሽከረከረ ነዳጅ መጨመር አቁሙ፤ ጉድጓዱን ትቆፍራላችሁ እንጂ አትወጡም። መሪውን አቅኑ። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ በአካፋ ጥረጉ፣ አሸዋ በትኑ። ትራክሽን ኮንትሮሉን አጥፉ፤ እሱ ጎማ ሲሽከረከር ኃይል ስለሚቆርጥ እዚህ ይይዛችኋል። በስሱ ወደ ፊት፣ ከዚያ ጎማው ሲቆም ወደ ኋላ፣ እያወዛወዛችሁ ውጡ። ወለል ምንጣፉን ጎማ ሥር ካደረጋችሁ ከኋላ ማንም አይቁም፤ ተስፈንጥሮ ይመታል። ከወጣችሁ በኋላ ትራክሽን ኮንትሮሉን መልሳችሁ አብሩ።

መንገዱ ተዘግቶ መሃል ላይ ከቀራችሁ ከመኪናው አትውጡ። ሞተሩን በሰዓት ወደ 10 ደቂቃ ብቻ አስነሱ። ከማስነሳታችሁ በፊት ሁልጊዜ ጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረጉ፤ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ነፋሱ በማይመታበት በኩል አንዱን መስኮት በጣት ያህል ክፈቱ።

ጂፒኤሱ "አቋራጭ አለ" ቢላችሁ አትመኑት። ዋሻው ሲዘጋ ላቭላንድ ፓስን ሊያሳያችሁ ይችላል፤ 11,990 ጫማ ላይ ያለ፣ ገደሉ ብዙ ቦታ መከለያ የሌለው መንገድ ነው። ከቬይል በስተ ምዕራብ ያለው ጠባብ ሸለቆ፣ ግሌንውድ ካንየን፣ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ጠባብ የገጠር መንገድ ይመራል። ኢንዲፔንደንስ ፓስማ ዊንተሩን ሙሉ ዝግ ነው። ቅርብ ከተማ ገብታችሁ እደሩ።

ከተጋጫችሁ፣ የተጎዳ ከሌለና መኪናው ከተንቀሳቀሰ፣ ወደ ሚቀጥለው መውጫ ውሰዱት። ካልሄደ ቀበቶ እንዳሰራችሁ ውስጥ ቆዩና 911 ደውሉ። ከመኪናችሁ ኋላ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ፤ እናንተን ያንሸራተተው በረዶ ቀጣዩንም ያንሸራትተዋል። አደጋ ላልሆነ እርዳታ የኮሎራዶ ስቴት ፓትሮል በኮከብ ምልክትና 277 ይገኛል።

11. ከተራራው በኋላ

ግራንድ ጀንክሽን ስትደርሱ ከባዱ አልፏል፣ ግን ዩታ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ነዳጅ ማደያ የለም። መንገዱ እንደገና ከፍ ይላል፣ በረዶም ይይዛል። ግሪን ሪቨር ላይ ታንኩን ሙሉ አድርጉ፣ እርጥቡን ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሰንሰለትም ተዘርግቶ ይድረቅ።

ላስቬጋስ ስትገቡ መኪናውን ከሥር አሳጥቡ፤ በረዶ ለማቅለጥ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ብረት ይበላል። ለመልሱ ጎማውን እንደገና ንፋስ ለኩ። በሞቃት ቬጋስ የተሞላ ጎማ ቬይል ላይ ሲደርስ ልኩ አይደለም።